የሰባቷ ሰረዝ

ካርታውን ዘረጋው ጊስላን በጠረጴዛ፣
ልክ እንደ ጣሉት ክር ሰሙዋ ጠምዛዛ።
በአውራ ጣቱ ሄደ በመስመሮቹ ላይ፣
«አረንጓዴው ለልጅ፣ ሰማያዊው ለሚያይ፣
ቀዩ ግን...» አለና ጉልበቱን ዳሰሰ፣
ቃሉን ሳይጨርሰው ቢራው ላይ ደረሰ።

አርባ ዓመት ሙሉ መንገድ ያሰመረ፣
በየዛፉ ወገብ ቁጥር ያሳደረ፣
እሱ ነው። ዘንድሮ ጉልበቱ ታሰረ።
ቀይ ቀለም በጣሳ ከብሩሽ ጋር ሰጠኝ፣
ብስክሌት ልከራይ ብመጣ መልእክተኛ አረገኝ፦
«ሰባት ቁጥር ያለው ባሉጡ ወድቋል አሉኝ፣
ሄደህ እይና ሌላ ግንድ ፈልግልኝ፤
ሰው መንገድ ሲጠፋው እኔን ነው የሚሰድበኝ።»

ሽቅቡን እኔ አዘልኩት ኮርቻውን ይዤ፣
ፔዳሉ ጎድኔን ሲወቃኝ ታግሼ፣
ቁልቁሉን በተራው ያዝለኛል ብዬ።

ከሮሾ አፋፍ ላይ ፍሬኑን ስለቀው፣
ሆዴ ቀድሞኝ ወርዶ ሸለቆውን አየው።
ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ ገጽ በገጽ ያለው፣
እንደ እርጥብ መጽሐፍ ዝናብ ያሳበጠው፣
ጎማዬ ሲያልፍበት በከፊል ገለጠው።
የዛፎች ሥር ደግሞ መንገዱን አቋርጦ፣
እንደ ሽማግሌ ክንድ ደም ሥሩ አፍጥጦ፣
መሪዬም ሌላ ሄደ ከእጄ ላይ አምልጦ።

ወደቅሁ። ጣሳው ተደፋ።
ክርኔ ቀላ፤ ደም ይሁን ቀለም መለየት አቃተኝ፣
አሸተትኩት፤ ቀለም ነው። ብቻዬን አሳቀኝ።

ከታች ከወንዙ ዳር የትምባሆ ቤት አለ፣
ሳንቃው የላላ ነው፣ በሩ የተጣለ፤
ትምባሆው ከቀረ ስንት ዘመን ሆኖት
ሽታው አልወጣም ገና፣ እንጨቱ ይዞት።
ሁለት የናሙር ልጆች ጎማ ይለጥፋሉ፣
እኔን አይተው፣ ጣሳዬን አይተው፣
«ቀለም ቀቢ ነህ ወይስ ቁስለኛ?» ይላሉ።

አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል ነው ያደግሁት፣
ይህን ወንዝ ግን ተኝቶ በዓይኔ በብረቱ አየሁት፤
በየመታጠፊያው ትራሱን ደልድሎ፣
የያዘውን ግንድ ዳር ላይ አንጋሎ።

ሦስት ሰዓት ነድቼ፣ አራት ዳገት ወጥቼ፣
ላቤን በላቤ ላይ ደርቤ ጠጥቼ፣
ቀና ብል፣ ማዶ ላይ ያው ቢራ ቤት ቆሟል፤
ጊስላን በረንዳው ላይ እግሩን ዘርግቷል፤
ድንጋይ ብወረውር ጣራውን ያገኛል።
«አገኘኸው ዛፉን?» ሲል ድምፁ ተሻግሮ
ውሃው ላይ ደረሰኝ በግማሽ ተሰብሮ።
«ቀኝህን ያዝ!» ይላል፣ እጁ ወደ ግራው ነው፤
ፊት ለፊት ነንና ሁለቱም እውነት ነው።

አገኘሁት። ባሉጡ መንገዱ ላይ ተጋድሟል፣
ሰባቷ ወደ ላይ፣ ለወፍ የተጻፈች ትመስላለች፣
ዙሪያዋን አረንጓዴ ሽበት ጠልፏታል።
ቅርፊቱን ስልጠው ከቀዩ ስር ቀይ ነው፣
ከዚያም ስር ሌላ ቀይ፣ ዓመት የደረበው፤
አርባ ክረምት ሙሉ አንድ ቁጥር ጻፈው።

ከጣሳው ግርጌ ላይ፣ ከክርኔ ላይ ያለውን
ፍቄ አጠራቅሜ፣ ቀባሁት ሌላውን፣
ቀጭኑን ባሉጥ፣ ቆሞ የቀረውን።
እዚህ አገር ሰባት ወገቧ ላይ ሰረዝ አላት፤
ለሰረዟ ብቻ ቀለም አጠረባት።

ማታ ስመለስ ስለ ሸለቆው ውበት አልጠየቀኝም፣
የተቀደደ ሱሪዬን አይቶም ምንም አላለኝም፤
«ሰረዟስ?» አለ።
«አለቀብኝ» አልኩት።

ዝም አለ። ከኪሱ ላጲስ ፈልጎ፣
መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣
ካርታው ላይ ወዳለችው ሰባት ጎንበስ ብሎ
ሰረዟን አጠፋ።
ፍርፋሪዋን እፍ ብሎ
ቢራ አዘዘልኝ።